የፌንጣ ቫይረስ ስፌሮይድ በካርቦኔት አልሟሟ አለኝ፤ አስቸኳይ!

ዘላይ፦ ሰላም ወገኖች። ናሙናው አሁን ቱቦ ውስጥ ነው። 0.1 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት፣ ፒኤች 10.5፣ ሁለት ሰዓት አለፈው። በማይክሮስኮፕ ሳየው ስፌሮይዶቹ፣ ማለትም ቫይረሱን በውስጣቸው የያዙት የፕሮቲን እንክብሎች፣ አሁንም ያበራሉ። ዲኤንኤውንም ማውጣት፣ ፕሮቲኑንም ጄል ላይ ማየት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ኖራ፦ ፒኤቹን አሳድገው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ አድርግበት፤ 12 ሲደርስ ይሟሟል።

ባለሌንስ፦ ቆይ፣ ስፌሮይድ መሆናቸውን በምን አወቅህ? ኖዜማ ሎከስቴ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም የፌንጣ የስብ አካል ውስጥ ይራባል፤ ስፖሩም እንዲሁ ያበራል። ሞላላ ከሆነና ርዝመቱ 5 ማይክሮሜትር አካባቢ ከሆነ ጠርጥር። ካልኮፍሎር ነጭ የሚባለውን ማቅለሚያ ጨምረህ በአልትራቫዮሌት እየው፤ ስፖሩ ካይቲን ስላለው ሰማያዊ ይሆናል፣ ስፌሮይድ አይሆንም።

ዘላይ፦ ክብ ናቸው፣ ትልቅም ትንሽም አለ። ቫይረሱ ሜላኖፕለስ ሳንጉዊኒፔስ የተባለው ፌንጣ ኢንቶሞፖክስ (የነፍሳት ፖክስ ቫይረስ) ነው፤ መጻፍ ነበረብኝ።

መምህሩ፦ በካርቦኔት ብቻ ማሟሟት ባኩሎቫይረስ ለሚባሉት ሌሎች የነፍሳት ቫይረሶች የሚሠራ ልማድ ነው። የባኩሎቫይረስ ሽፋን ፖሊሄድሪን ይባላል፤ 29 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፣ አልካሊ ብቻውን ይፈታዋል። የዚህኛው የስፌሮይድ ፕሮቲን፣ ስፌሮይዲን፣ ግን 107 ኪሎዳልተን ያህል ነው፤ ሲስቲን ይበዛበታል፣ እርስ በርሱም በዳይሰልፋይድ (በሰልፈር ትስስር) የተያያዘ ነው። ይህን ትስስር ሳይቆርጡ አልካሊ ውስጥ ቢያሳድሩት የትም አይሄድም። ጂኖሙ በ1999 ሲነበብ 236 ሺህ ቤዝ ጥንድ፣ ከዚያ ውስጥ 82 በመቶው ኤ እና ቲ ሆኖ ነው የተገኘው። ይህን ቁጥር ያዘው፣ ኋላ ይፈለጋል።

ኖራ፦ እኔ አሁንም 12 አድርገው ነው የምለው።

ቱቦ፦ አታድርገው! ፒኤች 12 ላይ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይለያያሉ። የጎደለህ ዳይሰልፋይዱን የሚቆርጠው ሶዲየም ታዮግላይኮሌት ነው። ለ10 ሚሊ ሊትር 114 ሚሊግራም ታዮግላይኮሌት፣ 106 ሚሊግራም ደረቅ ካርቦኔት ጨምር፤ ሁለቱም 0.1 ሞላር ይሆናሉ። 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤም ይግባበት፣ ብረቶች ታዮግላይኮሌቱን በኦክስጅን እንዳያስበሉት። ፒኤቹ 10.5 መሆኑን እንደገና ለካ። ትናንት የተበጠበጠ ከሆነ ድፋው፣ ዛሬ ሥራ። ታዮግላይኮሌት ከሌለህ 20 ሚሊሞላር ዲቲቲ ይሆናል። በየአምስት ደቂቃው በማይክሮስኮፕ ተከታተል፤ መጀመሪያ ብርሃናቸው ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ሲጠፉ አታቆየው። 1 ሞላር ትሪስ ፒኤች 7.5 ጠብ እያደረግህ ወደ 8.5 አውርደው፤ በጣም ካወረድከው ስፌሮይዲኑ ተመልሶ ይረጋል። ከዚያ በሴንትሪፉጅ በ500 ጂ ያልሟሟውን ጣል፣ በ20,000 ጂ 30 ደቂቃ ቫይረሱን አውርድ። ዝቃጩ ለዲኤንኤ፣ የላይኛው ለጄል።

ሰብል ጠባቂ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣ። ይህ ቫይረስ የበረሃ አንበጣ ላይ ቢረጭ አይሆንም?

ባለሌንስ፦ ለመንጋ አይደርስም። ለመግደል ሳምንታት ይፈልጋል፣ የበረሃ አንበጣ መንጋ ግን በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ለሱ ሜታራይዚየም የተባለው ፈንገስ ይሻላል።

ቱቦ፦ ዘላይ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከነፍሳቱ አካል የወጣ ስፌሮይድ አልካላይን ፕሮቲዬዝ የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። ሲሟሟ ኢንዛይሙ ይነቃና ስፌሮይዲኑን ይበላዋል፤ ጄሉ ላይ በ107 ኪሎዳልተን አንድ ጥርት ያለ መስመር ፋንታ የተዘረጋ ጭረት ታያለህ። ፕሮቲዬዝ የሚያግደው ፒኤምኤስኤፍ በዚህ ፒኤች ወዲያው ስለሚበላሽ አትመካበት። የጄሉን ድርሻ ሳይሟሟ በፊት 70 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አሙቀው። የዲኤንኤውን ድርሻ ግን አታሙቅ! 82 በመቶ ኤ እና ቲ ስለሆነ ጨው በሳሳበት ውሃ ውስጥ እዚያው ሙቀት ላይ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን አሁኑኑ ለሁለት ክፈለው።

መምህሩ፦ ትክክል። ዲኤንኤውን በፒሲአር ስታባዛም የማራዘሚያውን ሙቀት ከ72 ወደ 60 እና 65 ዲግሪ መካከል አውርደው፤ በ72 ፕራይመሩ (ማስጀመሪያው የዲኤንኤ ቁራጭ) ሊለቅ ይችላል።

ኖራ፦ የዲኤንኤውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ ተቀብያለሁ።

ቱቦ፦ ዘላይ፣ ታዮግላይኮሌት አገኘህ? በስንት ደቂቃ ደበዘዘ?