ልጄ ሃዋርድን በጌሙ ውስጥ ሠራው፤ የእውነተኞቹን ልጆች ስም ማስገባቱ ልክ ነው?

የናቲ እናት፦

ሰላም ቤቶች። እኔ ጌም አልጫወትም። እዚህ ግን የሚያውቅ ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቋ ልጄ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ትማራለች። ባለፈው ኦክቶበር ለሆምካሚንግ፣ ለዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የካምፓስ በዓል፣ ወንድሟን ናቲን ይዛው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ከሃዋርድ ሌላ ወሬ የለውም። ባይሰኖቹ (ጎሾቹ፣ የፉትቦል ቡድኑ) እንዲህ አደረጉ፣ ማርሽ ባንዱ እንዲህ ተጫወተ። 15 ዓመቱ ነው፤ አንዴ የወደደውን ነገር ሙጭጭ ነው የሚለው።

ለልደቱ ኢኤ ስፖርትስ ኮሌጅ ፉትቦል 26 የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ገዛንለት። ከፍቶ ቢፈልግ ሃዋርድ የለም። ሜሪላንድ አለ፣ ኦሃዮ ስቴት አለ፣ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ትምህርት ቤት ሁሉ ተደርድሯል። በጣም ከፋው። በኋላ ጓደኛው ቲም ቢልደር የሚባል ድረ ገጽ አሳየው። እዚያ ላይ የራስህን ቡድን ሠርተህ ወደ ጌሙ ታስገባለህ። የቤት ሥራውን ሲጨርስ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። አንድ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሄልሜቱን ቀለም፣ የማልያውን መስመር፣ የካልሲውን ሳይቀር ይመርጣል። ስለ ሰማያዊው ቀለም ከእህቱ ጋር በስልክ ተከራከሩ። እሷም ከካምፓስ ማልያውን ፎቶ አንስታ ላከችለት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር ግን አሳሰበኝ። የዩኒቨርሲቲውን የተጫዋቾች ዝርዝር ከጎን ከፍቶ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ ቁጥር፣ ቁመት፣ ኪሎ፣ የመጣበትን ከተማ እየገለበጠ ነው። "እማ፣ እውነተኛ ካልሆነማ ምን ዋጋ አለው" አለኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ከትልቋ ልጄ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ "ለእኔም ሌላ ቡድን ሥራልኝና 10 ዶላር እሰጥሃለሁ" ብሎታል።

ሃዋርድ ለምን ቀረ? ዓርማውን መጠቀም ያስጠይቃል ወይ? የሰው ልጆችን ስምስ? ናቲን ሳላስከፋ ምን ልበለው?

የታኮማው፦

የናቲ እናት፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። ይህን ጌም 11 ዓመት ከገበያ ያጠፋው ልክ እርስዎን ያሳሰበዎት ነገር ነው። እኔ በልጅነቴ ስጫወተው አድጌያለሁ፤ ክሱንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተል ነው የኖርኩት።

ሃዋርድ የቀረው ጌሙ ኤፍቢኤስ የሚባለውን ከፍተኛውን ምድብ ብቻ ስለሚይዝ ነው። በ2024 ተመልሶ ሲወጣ 134 ትምህርት ቤቶች ነበሩት፤ በ2025 ደግሞ 136። የተጨመሩት ሁለቱ ዴላዌርና ሚዙሪ ስቴት ናቸው። ምድብ ስላደጉ ገቡ። ሃዋርድ ከሥር ባለው በኤፍሲኤስ ነው የሚጫወተው። በ2023 የኮንፈረንሱ (አብረው የሚወዳደሩት ትምህርት ቤቶች ማኅበር) ሻምፒዮን ሆኖ የጥቁሮች ኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ የሆነው ሴሌብሬሽን ቦውል ድረስ ሄዶ በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም 30 ለ 26 ተሸንፏል። እንዲህ ያለ ቡድን ጌሙ ውስጥ የለም ማለት እኔንም ያንገበግበኛል። ለናቲ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በ2009 ለኤክስቦክስ 360 እንደ ሃዋርድ ያሉ የጥቁሮች ኮሌጆች ብቻ የሚጫወቱበት ጌም ወጥቶ ነበር። ጌሙ ላይ ስሙ ያለው የግራምብሊንጉ ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው) ዳግ ዊልያምስ ነው። በእረፍት ሰዓት የማርሽ ባንዱን ትርኢት ራስህ ትጫወተዋለህ። ሆምካሚንግ ያየ ልጅ ይህን ቢያገኝ ምን እንደሚሰማው አስባለሁ።

ዓርማውና ስሙ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ፣ ኢኤ፣ ከየትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይገዛል። ብዙዎቹን የሚወክለው ሲኤልሲ የሚባል ድርጅት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ በ2013 ስሙን ስለነሳ ነው ዛሬ ጌሙ "ኤንሲኤኤ ፉትቦል" የማይባለው።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው።

በድሮው ጌም የተጫዋች ስም አይጻፍም ነበር። "ኳርተርባክ ቁጥር 9" ይላል፣ አለቀ። ግን የአሪዞና ስቴቱን ቁጥር 9 ስታየው ሳም ኬለር ነው። ቁመቱ የእሱ፣ ኪሎው የእሱ፣ የፀጉሩ ቀለም የእሱ፣ የመጣበት ስቴት የእሱ፣ ሄልሜቱ ላይ የሚያደርገው የዓይን መከለያ ሳይቀር የእሱ። የራትገርሱን ቁጥር 13 ስታየው ደግሞ ራያን ሃርት ነው፤ ግራ እጁ ላይ የሚያስራትን የላብ ማሰሪያ እንኳ አልተዉለትም። ኤድ ኦባነን ደግሞ የዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ጓደኛው ቤት ሄዶ ራሱን በቅርጫት ኳሱ ጌም ውስጥ አየ። ግራኝ፣ ቁጥር 31። ሳንቲም አልተከፈለውም፤ የጠየቀውም የለም። ሦስቱም በ2009 ከሰሱ።

ከክሱ ሁሉ ለናቲ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ኩባንያው በሃርት ጉዳይ ሲከራከር "ተጠቃሚው የተጫዋቹን መልክ መለወጥ ስለሚችል ይህ አዲስ የፈጠራ ሥራ ነው" አለ። ልብ ይበሉ፣ ናቲ ዛሬ የሚጫወትበትን የማስተካከያ ዕድል ነው እንደ ጋሻ ያቀረበው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሜይ 2013 አልተቀበለውም። መለወጫ ስለተገጠመለት ብቻ የሰውዬው ማንነት አይጠፋም፤ ሰዉም ጌሙን የሚፈልገው እውነተኞቹን ልጆች ስለያዘ ነው አለ። በጁላይ ሌላው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኬለር ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ወሰነ። ኩባንያው በዚያው ሴፕቴምበር ጌሙን አቆመ። በመጨረሻ እሱና ሲኤልሲ 40 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤንሲኤኤ ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ተስማሙ።

ጌሙ የተመለሰው ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ በጁላይ 2021 ከተፈቀደ በኋላ ነው። ለ2024ቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ተጠየቀ። እሺ ላለ 600 ዶላርና የጌሙ አንድ ቅጂ ተሰጠው። ከ11 ሺህ በላይ ልጆች እሺ አሉ። የቴክሳሱ አርች ማኒንግ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ነው የገባው። እምቢ ያለ ሰው በቦታው የፈጠራ ተጫዋች ይቀመጣል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ቡድኑን ይሥራ። ቀለሙን፣ ማልያውን ይሥራ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በፍቅር የሚጫወትን ልጅ ማንም ደጃፉ አይመጣበትም። የልጆቹን እውነተኛ ስም ግን ይተው፤ በተለይ ቡድኑን ለሌላ ሰው የሚያጋራ ከሆነ። 10 ዶላሩን ደግሞ ጨርሶ አይንካ። በሰው ዓርማ ገንዘብ መቀበል ሲጀመር ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

ጌመሩ ከአሌክሳንድሪያ፦

እትዬ፣ ወንድማችን ታሪኩን በደንብ ነግሮዎታል። በስሙ ጉዳይ ግን አልስማማም።

በኤንሲኤኤ 14፣ ከመቋረጡ በፊት በወጣው የመጨረሻ ጌም፣ ጊዜ በየሰመሩ ስም የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ከ120 በላይ ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱ 70 ልጅ። ተከፋፍለው በእጃቸው ይጽፉና በነፃ ይለቁልናል። የአባት ስሙን ስታስገባ ኮሜንታተሩ ይጠራው ነበር እኮ! ጌሙ ሲቋረጥም አዲስ ማልያና አዲስ ዓርማ እየሠሩ ሪቫምፕድ በሚባለው ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩት የጌሙ ማሻሻያ) በነፃ ያቆዩት ሰዎች ናቸው። ያገለገለው ሲዲ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ሰው እስከዚያ ድረስ ይፈልገው ነበር። ያለ እነሱ ኩባንያውም ለመመለስ አይደፍርም ነበር ባይ ነኝ።

የሃዋርድ ልጆችን ማን ጎዳቸው? 600 ዶላሩ አልደረሳቸው፣ ጌሙ ውስጥ አልገቡ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ስማቸውን ቢጽፍላቸው ኩራት ነው የሚሰማቸው። የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ስም አላቸው፤ የእኛዎቹ ሰፈር ልጆች ስም የለሽ ይሁኑ ነው የምትሉት?

የታኮማው፦

ያልከው ነገር ልቤን ነክቶታል። ስለ ሞድ ሠሪዎቹ ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔም በእነሱ ሥራ ነው እነዚያን ዓመታት የተጫወትኩት።

ግን ያንን የስም ጽሑፍ ደግመህ አስበው። ኩባንያው መልኩን፣ ቁመቱን፣ የላብ ማሰሪያውን አስገባ፤ ስሙን ብቻ ተወ። ስም ካስገባ መክፈል ይመጣል። ከዚያ የተጫዋች ዝርዝር ማጋሪያ በጌሙ ውስጥ ሰጠን። የቀረውን እኛ ሞላንለት፤ በነፃ፣ በፍቅር። ልጆቹ ተጎዱ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ የተጎዱት እዚያ ላይ ነው። እኛ በየዓመቱ ስማቸውን ስንሞላ እሱ መክፈል አላስፈለገውም።

የሃዋርድ ልጆች ሲኮሩ ይታየኛል። ምናልባት ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ግን አርች ማኒንግ እምቢ የማለት መብት ካለው የሃዋርዱ ልጅ ለምን አይኖረውም? ዝቅተኛ ምድብ ስለሚጫወት ሳይጠየቅ ይግባ? ይልቅ ይጠየቅ። የናቲ እህት ከአንዱ ጋር አንድ ክፍል ናት። "ታናሽ ወንድሜ ቡድናችሁን እየሠራ ነው፣ ስምህን ያስገባ?" ትበለው። እሺ ካለ በኩራት ይግባ። የቀሩት ቦታዎች ላይ ናቲ የአጎት የአክስቱን ልጆች ያሰልፍ።

ሰላም ከዲሲ፦

እኔ የልጆች እናትም ነኝ፣ ተጫዋችም ነኝ። የሚጠቅምሽን ልጨምር።

የተሠራው ቡድን ዳይናስቲ (አንድን ቡድን ለብዙ ዓመት የምትመሪበት የጌሙ ክፍል) ውስጥ የሚገባው አንድ ነባር ትምህርት ቤት ተክቶ ነው። የዚያን ትምህርት ቤት ኮንፈረንስም ይወስዳል። ስለዚህ ናቲ ማንን እንደሚያስወጣ ያስብበት። ሜሪላንድን እንዳይነካ ንገሪው፤ ሃዋርድ ጎረቤት ተጋጣሚ ያስፈልገዋል። ከኮንፈረንስ ውጭ ያሉትን ጨዋታዎች ራሱ መቀየር ስለሚችል በየዓመቱ ሊገጥማቸው ይችላል። ስታዲየም ሲመርጥም ትንሹን ይምረጥ። የሃዋርዱ ግሪን ስታዲየም 10 ሺህ ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። 80 ሺህ ሰው የሚይዝ ውስጥ ካስገባው ሃዋርድነቱ ይጠፋል።

ዓርማውን ከኢንተርኔት አውርዶ ከሚጭን ራሱ ጎሽ ይሣል። የሚጭነው ምስል ኃላፊነት የእሱ ነው፤ የራሱ ሥዕል ከሆነ ሐሳብ የለብሽም። ልጄ እንደዚያ ሠርታ ቀንዱን ሦስት ማታ ስታስተካክል ነበር፤ ዛሬ የቤታችን ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሃዋርድ ያለ ሃምፕተን አይሆንም። "እውነተኛው ኤችዩ ማን ነው" እያሉ የሚጣሉት ሁለቱ ናቸው። ሃምፕተንም ኤፍሲኤስ ስለሆነ ጌሙ ውስጥ የለም። እሱንም ይሥራ።

የናቲ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላብ ማሰሪያውን ታሪክ ለናቲ ሳነብለት ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ "ሰውየውን ሳይጠይቁት ማሰሪያውን ሁሉ?" አለ። ስሞቹን እያጠፋ ነው። ኮርነርባክ በሚባለው የተከላካይ ቦታ ላይ የአጎቱን ልጅ ብሩክን አስገብቶታል፤ ብሩክ አትላንታ ሆኖ ፍጥነቱ አነሰ ብሎ እየጨቀጨቀው ነው።

10 ዶላሩን ተወው። ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ አሠራሩን ሊያሳየው ተስማምተዋል።

እህቱ ልጁን ጠየቀችው። እሺ ብሏል። ግን ቁመቱ ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው በአንድ ኢንች ይበልጣልና እንዲስተካከልለት አደራ ብሏል። ለቡድኑ ጓደኞችም እነግራለሁ፣ የሚፈልግ ስሙን ይላክ ብሏታል። እስካሁን አራት ልከዋል።

ጌመሩ፣ አንተ ስለ ኩራታቸው ያልከው እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ።

አሁን ሃምፕተንን ሊጀምር ነው። ሰማያዊው ከሃዋርዱ ይለያል አይደል? ሃምፕተን የተማረ ወይም ልጅ ያለው ካለ እባካችሁ የማልያውን ፎቶ ላኩልን።