«ወራጅ አለ!» እያልኩ እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ የሾላዋ
ሰላም ለሁላችሁም። 27 ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት ከመገናኛ 4 ኪሎ በታክሲ ስሄድ፣ እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ስንደርስ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ። ለሒሳብ የያዝኩት ብር እጄ ላይ በላብ ራሰ። አለቀልኝ ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩና ወርጄ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ መጥቶብኛል፤ አንዴ እንዲያውም ከእንቅልፌ ነው የቀሰቀሰኝ። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሣሁ፣ ደምና ታይሮይድ ተመረመርኩ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ «ጭንቀት ነው፣ አታስቢ» ብሎ ሸኘኝ። አሁን ታክሲ ትቼ በእግሬ ነው የምሄደው። እናቴ ጠበል እንሂድ እያለች ነው። ላብድ ነው እንዴ? ይድናል?

መልስ፦ ሲስተር መ.
እህቴ፣ ፓኒክ፣ ማለትም ድንገተኛ ሽብር፣ ሰው አያሳብድም። ያየሁት በሽተኛ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። የጻፍሽው ፓኒክ አታክ ይመስላል። ሰውነትሽ አደጋ ሲያይ የሚያደርገውን ሁሉ ያለ አደጋ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትሽን የነዘረሽም እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። ሳይታሰብ እየተደጋገመ ከመጣ፣ ከዚያ አንድ ወርና ከዚያ በላይ «ይመጣብኝ ይሆን» እያልሽ ከፈራሽ ወይም ኑሮሽን ከቀየርሽ ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል። ሕክምና አለው። መመርመርሽ ጥሩ ነው፤ «አታስቢ» ግን ሕክምና አይደለም። ስትሠሪ ወይም ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ተመልሰሽ ልብሽን አሳዪ።

መልስ፦ መምህር፣ ሳይኮሎጂ
ይሄ ነገር ስም ያገኘው በቅርቡ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ዶናልድ ክላይን የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በዚህ ለሚሠቃዩ በሽተኞች ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት ሰጠ። በሽተኞቹ ምንም ለውጥ የለም አሉ። ነርሶቹ ግን አንድ ነገር አዩ፦ «ሞትኩ» እያሉ ወደ እነሱ ክፍል መሮጥ ትተዋል! ድንገተኛው ሽብር ቆሟል። «ይመጣብኛል» የሚለው ፍርሃት ግን አልለቀቃቸውም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው። በ1980 ሕመሙ ለብቻው ተቆጥሮ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ገባ።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ደግሞ በ2013 የወጣ ጥናት ነው። አንጎል ውስጥ የፍርሃት ማዕከል የሚባለው አሚግዳላ በሕመም የጠፋባቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እባብ አያስፈራት፣ ሌባ አያስፈራት። 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲስቡ ግን ሦስቱም በፓኒክ ተርበደበዱ። ስለዚህ ሽብሩ ከሐሳብ ብቻ አይመጣም፤ ከሰውነት ውስጥም ይነሣል። ፈሪ ሆነሽ አይደለም፣ እህቴ። በዘር የመተላለፍ ነገርም አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቀሰው ኑሮ ሲከብድ ነው። እንዲደጋገም የሚያደርገውን ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1986 አስረድቷል። ልብሽ ሲመታ «ልሞት ነው» ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ፣ ትርጉሙ ያስደነግጥሻል፣ ድንጋጤው ልብሽን ይብስ ያስመታዋል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔን ሁለት ዓመት አሠቃይቶኛል። ሀይዌይ መንዳት ትቼ ነበር። የዳንኩት በቴራፒ (በምክር ሕክምና) እና ሴርትራሊን በሚባል መድኃኒት ነው። ቴራፒስቷ መጀመሪያ ወንበር ላይ አዞረችኝ! ከዚያ በቀጭን ስትሮ አስተነፈሰችኝ፣ ደረጃ አስሮጠችኝ። እየፈራሁት የነበረውን ስሜት ሆን ብላ ታመጣብኝ ነበር። አሥር ጊዜ መጥቶ ምንም ሳያደርገኝ ሲሄድ ሰውነቴ ለመደው። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይረብሻል፣ ለዚህ ነው በትንሹ የሚጀመረው። እኔ ላይ ለውጡ የታየው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በራስሽ አትጀምሪው፣ በራስሽም አታቁሚው። ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትለምጂ፤ ለጊዜው ያበርዳል፣ ኋላ መላቀቁ ከባድ ነው። ቡናም ቀንሺ። እኔ ከአቦል ሳላልፍ ነው የምነሣው። ጫት ካለም ተዪው።

መልስ፦ እማማ
ልጄ፣ ጠበሉን ከእናትሽ ጋር ሂጂ፣ እምነትሽ ነው። መድኃኒት ካዘዙልሽ ግን ጠበል ገባሁ ብለሽ እንዳታቋርጪ። የእኔ ልጅ አቋርጦ ተመልሶበት አይቻለሁ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድም ነውር የለውም። እኔ ራሴ ነኝ እጁን ይዤ የወሰድኩት፣ ዛሬ ሥራውን ይሠራል።

የሾላዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ታክሲ ውስጥ ሲመጣብኝ ግን ምን ላድርግ?

ሲስተር መ.
አትውረጂ። በወረድሽ ቁጥር አንጎልሽ «ያዳነኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ትንፋሽሽን አታጣድፊው፣ ቀስ ብለሽ አውጪ። ሽብሩ ይውጣ፣ ራሱ ይወርዳል። በአንዴ 4 ኪሎ ድረስ አትሞክሪ። መጀመሪያ ከመገናኛ ሾላ ብቻ። ሲለመድ እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ከዚያ ቀበና። በር ሥር ካልተቀመጥኩ አትበዪ፣ እናትሽ ጋም አትደውዪ። ጎን ለጎን የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ።

የሾላዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ዛሬ እንግሊዝ ኤምባሲን አለፍኩ። መጣብኝ። ብሩ እጄ ላይ ራሰ፣ ጣቶቼንም ነዘረኝ። «ወራጅ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቀበና ጋ ስንደርስ ቀለል አለኝ። ወረድኩ፣ ግን መውረጃዬ ስለነበረ ነው። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።