የአካባቢ ጥበቃ ተጠሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ የቅርንጫፋችንን ሠራተኛ ከምን ልጀምረው?

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ናችሁ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ደንበኛ አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው። በቅርቡ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የአካባቢና የአየር ንብረት ተጠሪ ይሰይም፣ ለሠራተኛው ግንዛቤ ይስጥ፣ በየሩብ ዓመቱም ሪፖርት ይላክ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን እኔን መረጡኝ። ጉዳዩን ስለምወደው ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

መጀመሪያ ሥልጠና ሞከርኩ። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ 19 ሰው አስቀምጬ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ ያዘጋጀሁትን ስላይድ አሳየሁ። የበረዶ ግግር፣ የባሕር ወለል፣ የካርቦን ልቀት። ግማሹ ሰዓቱን ያያል፤ ግማሹ ደክሞታል። መጨረሻ ላይ አንዷ ካሸራችን እጇን አነሳችና «እኛ ፋብሪካ የለን፣ ጭስ የለን፤ ባንክ ምን አቃጠለ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

ሁለተኛው ችግኝ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከከተማው ወጣ ብለን 200 ችግኝ ተከልን። ቲሸርት ለበስን፣ ፎቶ ተነሣን። የካቲት ላይ ብቻዬን ሄጄ ስቆጥር በሕይወት ያለው 31 ነው። ከሁሉ ያሳዘነኝ ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ ነው። እየቀደድን የጣልነው እዚያው ቀርቷል። ግማሹ አፈር ለብሷል፣ ግማሹን ነፋስ እሾህ ላይ ሰቅሎታል። ከደረቁት አንዳንዶቹን ነቅዬ ሳይ ደግሞ ጭራሽ ከነላስቲኩ ነው የተከልናቸው።

በጀት የለኝም። ሪፖርት ከመሙላት አልፎ ሠራተኛው ነገሩን የራሱ እንዲያደርገው እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

የብድር ባለሙያ (ቡሬ)

እህቴ፣ ካሸሯ ዋናውን ጥያቄ ነው ያነሳችልሽ። የሚቀጥለውን ውይይት ከዚያው ጀምሪው።

የባንክ ትልቁ ጭስ ያለው ባበደረው ብር ውስጥ ነው። ደን ለሚመነጥር ወይም ፍሳሹን ወንዝ ለሚለቅ ሥራ ገንዘብ ከሰጠን እጃችን አለበት። በፀሐይ ኃይል ውኃ ለሚስብ ገበሬ ካበደርንም እንዲሁ እጃችን አለበት። ነገሩ ወደ እኛም ይመለሳል። ጎጃም ውስጥ ያለ የባንክ ደንበኛ ወይ ገበሬ ነው፣ ወይ ገበሬው ሲያገኝ የሚያገኝ ነጋዴ። ዝናቡ ሲዛባ መጀመሪያ ማሳው ይጎዳል፣ ቀጥሎ ሱቁ፣ ቀጥሎ የእኛ የብድር መዝገብ።

እኔ ስላይድ አላዘጋጀሁም። አንድ የብድር ፋይል አወጣሁ። ስሙን፣ ቀበሌውንና ሒሳብ ቁጥሩን ሸፈንኩ። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተበደረ የበቆሎ ገበሬ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገባ። በቆሎው ጸጉር ሲያወጣ ደግሞ ተቋረጠ። በቆሎ በዚያ ሰዓት ውኃ ካጣ ፍሬ አይዝም። ታኅሣሥ ላይ መክፈል የነበረበትን ግንቦት ላይ በሬ ሸጦ ከፈለ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «ተከፍሏል» ነው። እኔ ደግሞ «በሬውን ሸጦ በምን አረሰ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የብድር ጥያቄ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ውኃው ከየት ይመጣል? ቆሻሻው የት ይሄዳል? ዝናብ ቢቀር ብድሩ በምን ይመለሳል? መልሱ በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ትልልቅ ፕሮጀክት ሲሆን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አለ። ብዙ ባልደረቦቻችን መኖሩን እንኳ አያውቁም። አጭር ነው፤ ከብድር ክፍሉ ጋር አንድ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

የንብረትና ጥገና ሠራተኛ (ባሕር ዳር)

የቡሬው ወንድማችን ያለው ልክ ነው። ግን ብድር የማይነካው ሠራተኛም አለ፤ ለእሱም በእጁ የሚይዘው ነገር ስጪው። ጄኔሬተሩን እዩት።

ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ስለዚህ «አምፖል አጥፉ» የሚለው ማስታወቂያ ወጪ ይቀንሳል እንጂ ከቅርንጫፍ የሚወጣውን ካርቦን ብዙም አይነካውም። ካርቦኑ ያለው ናፍጣው ላይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው ክብደቱ የሚጨምረው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ተገርመው ደግመው ጠይቀውኛል። የእኛ ጄኔሬተር በሰዓት ሦስት ሊትር ይበላል። እንግዲህ በሰዓት ስምንት ኪሎ ማለት ነው።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ተከታተልኩት። መብራት 5 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጄኔሬተሩ የጠፋው 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ መመለሱን ያወቀ የለም። ጥበቃው ጋሼ በር ላይ ናቸው፣ እኛ ውስጥ ነን። በኋላ ኤሌክትሪሻን ጠርተን ጥበቃ ቤቱ ላይ አንዲት አምፖል አስገባን። የተያያዘችው ከዋናው መስመር ጋር ብቻ ነው። እሷ በራች ማለት መብራት መጣ ማለት ነው። ጋሼ ለቴክኒሻኑ ይደውላሉ፣ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ወጪው የአንድ አምፖልና የጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። መነሻና ማጥፊያ ሰዓቱን የሚመዘግቡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ደብተሩን እንደ ዓይናቸው ነው የሚጠብቁት።

ወረቀቱንም ልጨምር። ማታ ደንበኞች ቅጽ ከሚሞሉበት ጠረጴዛ ሥር ያለውን ቅርጫት አውጥተሽ ቁጠሪው። እኔ ስቆጥር ከገቢና ወጪ ቅጹ አብዛኛው የተበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ብሩ በፊደል የሚጻፍበት መስመር። ሰው ቁጥሩን እዚያ ይጽፈዋል፣ ይሰርዛል፣ ወረቀቱን ጨምድዶ ይጥልና ሌላ ይወስዳል። የተሞላ ናሙና በትልቁ ጽፈን ጠረጴዛው ላይ ለጠፍን። ቅርጫቱ ቀለለ። የተበላሸውን ግን እንዲሁ አትጣሉት። የሰው ሒሳብ ቁጥር ያለበት ወረቀት ገበያ ላይ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ መገኘት የለበትም። ቆራርጣችሁ አስወግዱት።

ካሸር ነኝ (ደጀን)

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሰልፍ ፊት ነን። ሒሳብ ሳይዘጋ አንወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቻችን የምትተርፈን ጊዜ ናት። እሷን ወስዳችሁ ስለ በረዶ ግግር ስትነግሩን ልባችን አይከፈትም፤ ይቆጣል። እህቴ፣ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት አሥር ደቂቃ አለችን። በሳምንት አንድ ቀን እሷን ውሰጂ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ፣ ጥያቄ ጠይቂና ልቀቂን። ስብሰባ ላይ የሚታደለውን ሃይላንድ ውኃም አስቀሩት። ስስ ፌስታል በሕግ መከልከሉን፣ አዋጁን ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ማጽደቁን እየነገራችሁን 19 ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ጆግና ብርጭቆ ይበቃናል።

ደን ላይ የምሠራ (እንጅባራ)

ስለ ችግኙ ልመልስ። 31 መትረፉ ራሱ አንድ ነገር ነው፤ እንዳትከፊ።

በመጀመሪያ 200 ለ19 ሰው ብዙ ነው። ተንከባክቦ የማያሳድገውን ሰው መትከል የለበትም። ለአንድ ሰው ሁለት ይበቃል፣ 38 ችግኝ። ጉድጓዱ ከአንድ ወር በፊት ይቆፈር፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡት፣ ሲተከል ወደ ሥር የሚገባው እሱ ነው። ተከላው ዝናቡ ከተረጋጋና አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ይሁን። ላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደድ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ይውጣ። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ የተጠመዘዘችው ጫፍ ትቆረጥ። አንድ ሰው ጆንያ ይዞ ላስቲኩን ብቻ ይሰብስብ፤ የተከላችሁትን ቁጥርና የላስቲኩን ቁጥር አስተያዩ። ከጎደለ አንዱ ከነላስቲኩ ገብቷል ማለት ነው።

ለማርቆስ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳና ጥሩ ናቸው። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አታድርጉ። ከብት የሚገባበት ከሆነ አጥር ሳይኖር አትትከሉ፤ በጋ ላይ ችግኝ የሚጨርሰው ፍየልና ጥማት ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ነው ወሳኙ። ፎቶውን ያኔ ተነሡ።

ለብድር ክፍሉም አንድ የእኛ አገር ነገር ላካፍል። እዚህ አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል። የመጀመሪያውን ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። የተራቆተው መሬት ለመለመ፣ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ፣ ባንክም ተቀማጭ አገኘ። ቅርብ ጊዜ ግን ቅጠሉን ዝገት የመሰለ ነገር የሚያለብስ በሽታ ገባበትና ስንቱ ገበሬ ደነገጠ። አገር ምድሩ አንድ ዛፍ ሲሆን አንድ በሽታ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ለዚህ የሚያበድር ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ጡረተኛው (ሞጣ)

ልጄ፣ ባንክ ቤት ጸጉሬን ሸብቼ ነው የወጣሁት። ስብሰባ ብዙ አይቻለሁ።

እኔ የተወለድኩት ጮቄ ተራራ ሥር ነው። በልጅነቴ አስታው፣ ያ የደጋው ቁጥቋጦ፣ ወረድ ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ ረጅሙ የውርጭ ተክል ጅባራው ከዚያ በላይ። አሁን ገብሱና ድንቹ ሽቅብ ወጥቷል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። ክረምት ላይ ድልድይ ላይ ቆመሽ እያቸው። ቀለማቸው ደፍርሶ ቡና የሚመስለው የገበሬው ማሳ ስለሆነ ነው። ያ አፈር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው መንገዱ።

ለሠራተኞቹ ይህን የቤት ሥራ ስጫቸው። እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ደውሎ እናቱን ወይም አባቱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «በልጅነትሽ ትቀጂበት የነበረው ምንጭ አሁንም አለ ወይ? በዓመት ስንት ወር ይፈሳል?» ሌላ ምንም አትጨምሪ። መልሱን ይዘው ይምጡ።

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሞጣው ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ሦስት ሳምንት ሞክሬ ተመለስኩ።

የጋሼን ጥያቄ ሰኞ ጠዋት አደረግነው። ያቺ ካሸር የእነማይ ልጅ ናት። እናቷ «ድሮ እስከ ፋሲካ ይፈስ ነበር፤ አሁን የገና በዓል ሲደርስ ይደርቃል» ማለታቸውን ስትነግረን ድምፅዋ ተለወጠ። ውኃ ለመቅዳት አሁን ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ ስትነግረን ዝም አልን። ቀጥሎ ሌሎቹም አወሩ። አሥሩ ደቂቃ አልበቃንም፤ በር ልንከፍት ስንል ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው «ሐሙስም እንቀጥል» አሉ።

አንድ ስሕተቴንም አየሁ። ቅዳሜ ያስቀመጥኳቸው 19ኙ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። ጥበቃዎቹንና ጽዳቶቹን አልጠራኋቸውም፤ በኤጀንሲ ስለተቀጠሩ ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። ጄኔሬተሩ ግን ከጥበቃዎቹ ጋር ነው፣ ቅርጫቱም ከጽዳቶቹ ጋር። አሁን አብረውን ይቆማሉ። የጽዳት እህታችን የተበላሸውን ቅጽ ማታ ማታ እየቆጠረች በወረቀት ትሰጠኛለች። የመጀመሪያው ቀን 64 ነበር። እንደ ባሕር ዳሩ ሁሉ አብዛኛው በፊደል መጻፊያው ላይ ነው የተበላሸው። ናሙናውን ነገ እለጥፋለሁ።

የቀረኝ ሪፖርቱ ነው። ቅጹ «የሰለጠኑ ሠራተኞች ብዛት» እና «የተተከለ ችግኝ ብዛት» ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምን ልሙላ?

የብድር ባለሙያ (ቡሬ)

የሚጠይቀውን ሙዪ፤ ከሥሩ የራስሽን አባሪ ገጽ አያይዢ። ሦስቱ ጥያቄ የተጠየቀባቸው የብድር ፋይሎች ስንት እንደሆኑ ጻፊ። የተተከለው 200፣ የካቲት ላይ በሕይወት ያለው 31 ብለሽ እውነቱን አስቀምጪ። ቀጣዩ ዓመት 38 ተተክሎ 30 ቢተርፍ ልዩነቱን ያዩታል።

የንብረትና ጥገና ሠራተኛ (ባሕር ዳር)

እኔ የምልከው ገጽ አራት መስመር ነው፤ የወሩ ናፍጣ በሊትር፣ ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓት፣ ስንት ደስታ (እሽግ) ወረቀት እንደወጣ፣ የተበላሸ ቅጽ። ደብተሩ ላይ ያለውን ብቻ ጻፊ፣ በግምት አትሙዪ። ናሙናውን ስትለጥፊ ደግሞ ሒሳብ ቁጥሩ ቦታ ላይ የእውነተኛ ሰው ቁጥር እንዳታደርጊ፤ ዜሮ ዜሮ ብለሽ ሙዪው። የብሩን መጠንም «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ብቻ» ብለሽ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፊው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

የጽዳት እህታችንንም ስሟን አባሪው ላይ ጻፊላት።

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)

እጽፋለሁ። የጥበቃውን ጋሼንም። አምፖሏን የሚያስገባ ኤሌክትሪሻን ሐሙስ ይመጣል።