የጃፓንኛ ዘፈኖቼ ስም ተበላሽቷል፣ ምን ይሻላል?

ካሴት_ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከግቢ ጊዜዬ ጀምሮ ያጠራቀምኩት የጃፓን ሙዚቃ አለኝ፣ አብዛኛው ሲቲ ፖፕና ጃዝ ነው፣ ወደ 4 ሺህ ፋይል ይሆናል። ሰሞኑን ከአሮጌው ዊንዶውስ ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ ላዛውር ብዬ ጉድ ፈላብኝ። ግማሹ ደህና ነው። አንዳንዱ የፋይሉ ስም ጥሩ ሆኖ ማጫወቻው ላይ የሚወጣው ርዕስ ግን ጅራቷ የተጠማዘዘ ኤፍ በየመሃሉ የገባችበት ዝባዝንኬ ነው። አዲስ ከዚፕ ያወጣኋቸው ደግሞ የፋይል ስማቸው ራሱ ጠፍቷል። ጥቂቶቹ ላይ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ጃፓንኛ ማንበብ እንኳ አልችልም፣ አልበሞቹን የማውቃቸው በሽፋናቸው ነው። አንድ በአንድ ልጽፋቸው ነው እንዴ?

ፊደል_ቆጣሪ፦
ኧረ እንዳትነካቸው! መጀመሪያ ሙሉውን ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳ፣ ከዚያ እናወራለን።

የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ትዝ ይልሃል? በዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣ ነበር። ጽሑፉ አልጠፋም፣ ኮምፒውተሩ በተሳሳተ ሰንጠረዥ እያነበበው ነው። ያንተም እሱ ነው። ጃፓኖች ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ከያዘው) በፊት ሺፍት ጂስ በሚባል አጻጻፍ ነበር የሚጠቀሙት፣ የእነሱ ዊንዶውስም በዚያው ነው የኖረው። ችግሩ ለእነሱም የቆየ ነው፣ ስም እንኳ አውጥተውለታል፦ ሞጂባኬ። ሞጂ ፊደል ነው፣ ባኬ ደግሞ መልክ መለወጥ።

ያቺ ኤፍ የምትመላለሰው ለምን መሰለህ፣ ካታካና የሚባሉት ፊደሎቻቸው በሺፍት ጂስ አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ባይት ይጀምራሉ፣ ያ ባይት በምዕራባውያኑ የዊንዶውስ ሰንጠረዥ ያቺ ኤፍ ናት። እሷን ካየህ ደስ ይበልህ፣ ይድናል። የኤምፒ3 ታግ (ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የርዕስና የዘፋኝ ጽሑፍ) የመጀመሪያው ስሪት በየትኛው አጻጻፍ እንደተጻፈ የሚናገርበት ቦታ የለውም፣ ለርዕስም 30 ባይት ብቻ ነው የሚሰጠው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ኤምፒስሪታግ የሚባለውን ታግ ማረሚያ ጫንና ታጉን ከሺፍት ጂስ እንዲያነበው እዘዘው።

ለዚፖቹ፣ የወጡትን ፋይሎች ተዋቸውና ወደ ዚፑ ተመለስ። ሊኑክስ ላይ ዩናር የሚባለው መፍቻ አጻጻፉን ራሱ ይገምታል፣ ከተሳሳተም ሺፍት ጂስ ነው ብለህ ትነግረዋለህ። የጥያቄ ምልክት የሆኑት ግን አበቃላቸው። እዚያ ፊደሉ ራሱ ተጥሎ ነው ምልክቱ የተተካው።

አራዳ_በማክ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ ልጨምርልህ። ከማክ የመጡ ፋይሎች ካሉህ ስሙ ለዓይን ትክክል ሆኖ ስትፈልገው ላይገኝ ይችላል። ጃፓኖች «ጋ»ን የሚጽፉት «ካ» ላይ ሁለት ጭረት ጣል አድርገው ነው። የማኩ የቀድሞ የፋይል ሥርዓት ያንን ለሁለት ነጥሎ ያስቀምጠዋል፣ «ካ» ለብቻው ጭረቱ ለብቻው። ሌላው ኮምፒውተር ግን አንድ ፊደል አድርጎ ነው የሚጽፈው። እኔ በዚህ የተነሳ አንድ አልበም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀድቶብኝ ዲስኬ ሞልቶ ሳምንት ሙሉ ቫይረስ ነው ብዬ ስጨነቅ ነበር። ኮንቭኤምቪ የሚባል የፋይል ስም መቀየሪያ ፕሮግራም ያስተካክለዋል። ደግነቱ ዝም ብለህ ካስኬድከው ምን ሊቀይር እንዳሰበ ብቻ ያሳይሃል፣ እንዲሠራ ለይተህ ካላዘዝከው ምንም አይነካም።

ጎማ_ቤት፦
ምን አስጨነቃችሁ፣ ሁሉንም በላቲን ጻፉትና ተገላገሉ። የኔ መኪና ቴፕ እንደሆነ ጃፓንኛ ሲያይ ሳጥን ሳጥን ነው የሚደረድረው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
@ጎማ_ቤት ወንድሜ፣ «ፀሐይ»ን በላቲን ስንት ዓይነት እንደምንጽፋት እያወቅህ? እነሱም ጋ ያው ነው። የቶኪዮን ረጅም «ኦ» አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። አንድ ዘፋኝ ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ይልሃል።

ይልቅ ሁለቱን ለያቸው። ታጉ በጃፓንኛ ይቆይ፣ የፋይሉ ስም ብቻ በላቲን ይሁን። ሚውዚክብሬንዝ ፒካርድ የሚባለው ታግ ማረሚያ የፋይሉን ስም ከታጉ ለይተህ እንድታወጣ ይረዳሃል፣ ነፃ ነው፤ ጃፓንኛውን ግን ራሱ ወደ ላቲን አይለውጥልህም። የላቲን ስም ሌላም ጥቅም አለው፦ ሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፣ አንድ የጃፓንኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የኛም ፊደል 3 ነው፣ አትሳቅ።

እና @ካሴት_ሰብሳቢ፣ ለጥያቄ ምልክቶቹም ተስፋ አለ። ፒካርድ ድምፁን ራሱ አዳምጦ አሻራውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ስም አያስፈልገውም።

ካሴት_ሰብሳቢ፦
ተባረኩ። ዚፖቹን በዩናር ድጋሚ ፈታኋቸው፣ ሁሉም ተስተካከሉ። ታጎቹን ግን ተጣድፌ ደህና የነበሩትንም አብሬ ቀየርኳቸውና አበላሸኋቸው 😅 ቅጂው ባይኖር አልቅሼ ነበር። አሁን መጀመሪያ ኤፏ ያለችባቸውን ብቻ እየፈለግኩ መርጬ ነው የምሠራው።

የጥያቄ ምልክት ከነበሩት 19 ፋይሎች ፒካርድ 14ቱን አወቃቸው። ከቀሩት አንዱ ኮንሰርት ላይ የተቀዳ ነው መሰለኝ፣ መጨረሻው ላይ ጭብጨባ አለው። እሱን «ጭብጨባው» ብዬ በአማርኛ ሰይሜዋለሁ፣ መኪናው ካላነበበው የራሱ ጉዳይ።