አሜሪካን ባለመኪና ያደረጋት ፎርድ ነው ወይስ ጂኤም (ጀነራል ሞተርስ)?

የጋራዥ ልጅ፦ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አሜሪካ ውስጥ ተራው ሰው ባለመኪና የሆነው በማን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ፎርድ እላለሁ። ሞዴል ቲ የሚባለው መኪናው በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ነበር። በ1925 ርካሹ እስከ 260 ዶላር ወርዷል። ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ 260 ዶላርም ቢሆን እኮ ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ የሚከፍል ሠራተኛ ብዙ አልነበረም። ይሄ ቀድሞ የገባው ጂኤም ነው። በ1919 የራሱን አበዳሪ ኩባንያ አቋቋመ፤ ቅድሚያ ከፍለህ መኪናህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ቀሪውን በየወሩ። ፎርድ ግን ዕዳ አይወድም። በ1923 ያመጣው መላ በየሳምንቱ 5 ዶላር ቆጥብ፣ ዋጋው ሲሞላ ውሰድ የሚል ነበር። ጎረቤትህ የጂኤሙን ሸቭሮሌ እየነዳ አንተ ትጠብቃለህ? በ1920ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው መኪና የሚሸጠው በዱቤ ነበር። ፎርድ ለዓመታት ጥቁር ብቻ ሲቀባ፣ የጂኤሙ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ከርካሹ ሸቭሮሌ እስከ ውዱ ካዲላክ ለየኪሱ የሚሆን አቀረበ። በ1927 ሞዴል ቲ ቆመ፤ ፋብሪካው ለወራት ተዘጋ። ገበያው ፈርዷል።

የጋራዥ ልጅ፦ ዱቤ ርካሽ መኪና አይሠራም። ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር በ1913 ለመኪና ያዋለው ፎርድ ነው፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ሸቭሮሌን ከፍ ያደረገው ዊልያም ክኑድሰን እንኳ የመጣው ከፎርድ ቤት ነው።

የማኅበሩ ሰው፦ ልጆቼ፣ መኪናውን የሚገጥመው ሠራተኛስ? በ1929 ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ተመረተ፤ በ1932 በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መሃል ወደ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ያን ዓመት መጋቢት ላይ ሥራ ያጡ ሰዎች ዲርቦርን ወዳለው የፎርድ ፋብሪካ በሰልፍ ሲሄዱ፣ ፖሊስና የፎርድ ጠባቂዎች ተኩሰው አራቱን እዚያው ገደሉ። አምስተኛው በኋላ ሞተ። ጂኤምም ደግ ሆኖ አይደለም ለሠራተኛ ማኅበሩ ዕውቅና የሰጠው። ፍሊንት ከተማ ላይ የጂኤም ሠራተኞች ማሽኑን አቁመው ፋብሪካው ውስጥ 44 ቀን ስለተቀመጡ ነው፣ የካቲት 1937። ፎርድ እስከ 1941 እምቢ አለ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ፍሊንት ባይኖር ደመወዙም፣ የሥራው ዋስትናም አይሻሻልም ነበር። ገዢውን ያበዛው ግን ዱቤ ነው፣ ከዚህ አልነቃነቅም።

የጋራዥ ልጅ፦ እንግዲያው ዱቤሽን ከነመዘዙ ውሰጂው። ያኔ አንድ ክፍያ ካጓደልክ መኪናውም፣ እስካሁን የከፈልከውም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በ1930 ኑሮ ሲከብድ ባለዕዳው ወርሃዊውን ላለማጓደል ሌላውን ሁሉ መግዛት ተወ። ቀውሱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የማኅበሩ ሰው፦ እሱም ቢሆን ደመወዙ ሳይቋረጥ ለሚከፍለው ነው። ከሥራ የተባረረውማ መኪናውንም አጣ።