የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የወረዳ ወሰን ሳያግዳቸው እንዲሠሩ ምን ዓይነት ስምምነት ያስፈልጋል? (ሰሜን ሸዋ)

ጥያቄ፦ የጣርማ በር ነዋሪ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞችና ወረዳዎች ያላቸውን የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ በጋራ የሚጠቀሙበት፣ በየምክር ቤቶቻቸው የጸደቀና በጀት የተያዘለት ስምምነት እንዴት ሊዋዋሉ ይችላሉ? በወረዳ አስተዳደር፣ በጤና ወይም በእሳት አደጋ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም የነበራችሁ፣ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመልክዓ ምድራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ደብረ ሲና ከደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከሉ ጣርማ በር አለ፤ ጉም በወረደ ጊዜ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እንኳ ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ቁልቁለት በታች ቆላው ላይ ናት። መንዝ፣ አንኮበርና መርሐቤቴ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው፣ በገደልና በሸለቆ ተለያይተው የሚኖሩ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር የወረዳ ወሰንና የቅርቡ መኪና የሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

ባለፈው በጋ እኔ በምኖርበት አካባቢ ተያይዘው በተሠሩ የእንጨትና የቆርቆሮ ሱቆች ላይ እሳት ተነሣ። ሕዝቡ በባልዲ፣ በጀሪካንና በአፈር ሲረባረብ፣ ከጎረቤት አስተዳደር መኪና እንዲላክ ስልክ ተደወለ። መኪናውም ሾፌሩም ዝግጁ ነበሩ፤ ነገር ግን ከወሰን ውጪ ለሚደረግ ጉዞ ስምሪቱን የሚፈርም ኃላፊ እስኪገኝና ነዳጁን ማን እንደሚተካ እስኪታወቅ ድረስ ሱቆቹ ወድመዋል። ኃላፊውን በግል አልወቅስም፤ ያለ ሰነድ የወጣ ነዳጅ በኦዲት ያስጠይቃል። የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄ ከእሳቱ በፊት፣ በሰላሙ ቀን መመለስ የሚችል መሆኑ ነው።

መልስ 1፦ የቀድሞ የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በገንዘቡ በኩል ያለውን ላስረዳዎት።

ወረዳ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት ያለው አካል ነው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ም ለዝቅተኛ የመንግሥት እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የሁለት ወረዳ ምክር ቤቶች ያጸደቁት የትብብር ሰነድ በእጁ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ወጪውን ለመመዝገብ አይቸገርም። ሰነድ በሌለበት ግን ለጎረቤት የወጣ ነዳጅ የሚገባበት የበጀት ርእስ ስለማይኖር፣ ሠራተኛው መልካም ፈቃድ ቢኖረው እንኳ እጁ የታሰረ ነው። ዞናችንን በተመለከተ፣ የተመረጠ ምክር ቤት የሌለው የክልሉ እርከን በመሆኑ ወረዳዎቹን ማቀራረብና ሰነዱን ማዘጋጀት ይችላል፤ ተዋዋዮቹ ግን ወረዳዎቹና የከተማ አስተዳደሮቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይገባል።

አከራካሪው የክፍያው መንገድ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው በየአደጋው የወጣውን ነዳጅና አበል ቆጥሮ ማስመለስን ነው። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጥሪ ባደረገ ቁጥር ሒሳብ እንደሚመጣበት የሚያውቅ ኃላፊ «እስኪ ትንሽ እንይ፣ ምናልባት ሕዝቡ ያጠፋው ይሆናል» ማለቱ አይቀርም፤ እሳትም ሆነ የሚደማ ሰው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ከወረዳው ጥቅል በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውልና ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ ስለማውቅ፣ የኃላፊው ማመንታት ከክፋት የመጣ ነው አልልም። ይልቅስ እያንዳንዱ ወረዳ እንደ ሕዝቡ ብዛት በዓመት አንድ ጊዜ የተወሰነ መዋጮ ቢያደርግ፣ ቢጠራም ባይጠራም የሚከፍለው ያው ስለሚሆን በጊዜ ይጠራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የእሳት አደጋ አገልግሎትን ከየማዘጋጃ ቤቱ አንሥታ በዲፓርትመንት (ብዙ ማዘጋጃ ቤቶችን በሚያቅፈው የአስተዳደር እርከን) ደረጃ አደራጅታለች፤ ማዘጋጃ ቤቶቹና የዲፓርትመንቱ ምክር ቤት በየዓመቱ ያዋጣሉ። የእኛ አቅም የተለየ ቢሆንም የመዋጮው ሐሳብ ለእኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በሰነዱ ውስጥ ሳይጻፍ እንዳይቀር የምለምነው አንድ ነገር አለ፦ ከወሰን ውጪ ተልኮ የተጎዳ ሠራተኛን የሚያሳክምና ቤተሰቡን የሚክስ ማን ነው? ይህ ግልጽ ካልሆነ ሾፌር ቢታዘዝም ልቡ አይሄድም።

መልስ 2፦ የአምቡላንስ ነርስ

በየወረዳው ያሉት አምቡላንሶች በዋናነት ለወላድ እናቶች የታደሉ ናቸው። አንዷን ወላድ ለማምጣት መኪናው ወደ አንድ ቀበሌ በሄደበት ሰዓት ዋናው መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ቢደርስ፣ ወረዳው ባዶ እጁን ነው። የጎረቤቱን አምቡላንስ ለመጥራት የሚያስችል ስምምነት የሚያስፈልገው በተለይ ለዚህ ሰዓት ነው።

መቀባበልም ይታሰብበት። ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት ሪፈር የተጻፈላት ታካሚ ደብረ ብርሃን እስክትደርስና መኪናው እስኪመለስ ድረስ ወረዳው ለረጅም ሰዓት ያለ አምቡላንስ ይቆያል፤ ደብረ ሲና ላይ ሌላ አምቡላንስ ቢቀበላት ይህ ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን አደራ፣ ብዙ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት መንገድ ላይ ከመኪና ወደ መኪና መዛወር የለባትም፤ ይህን የሚወስነው አብሯት ያለው ባለሙያ እንጂ የስምሪት ክፍሉ ሊሆን አይገባም። ቅብብሉ ሲደረግ ደግሞ የደም ግፊቷ፣ የተሰጣት መድኃኒትና የተሰጠበት ሰዓት በወረቀት መተላለፍ አለበት። «ግሉኮስ ተደርጎላታል» በሚል የቃል መልእክት ብቻ የምንረከባቸው ታካሚዎች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው።

የመኪና አደጋን በሚመለከት፣ በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ መሠረት ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ስለዚህ «የማን ወረዳ ነዋሪ ነው?» የሚለው ጥያቄ በር ላይ የሚነሣበት ምክንያት የለም። የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907ንም በስምምነቱ ውስጥ አካትቱት፤ ማኅበሩ ቅርንጫፍ ባለበት ሁሉ የጥሪው አካል መሆን ይኖርበታል።

መልስ 3፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ፊርማው ተፈርሞ መኪናዎቹ ቦታው ላይ ከደረሱ በኋላ አብረው መሥራት የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። ዋናው ምክንያት የጎማው ቧንቧ ማገናኛ ነው። መኪኖቹ ከተለያየ አገር ተገዝተው ወይም በእርዳታ ተገኝተው ስለሚመጡ፣ አንዱ ስቶርዝ የሚባለውን፣ ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆኑትንና በማዞር የሚቆለፈውን የጀርመን ስሪት ይዟል፤ ሌላው ወንዴና ሴቴ ያለውን፣ በመግፋት የሚገባውን ይዟል። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ አይገጥሙም። አንዱ ውኃ ጨርሶ ሌላው ሞልቶ በአጠገቡ ቢቆም እንኳ ያለ መሸጋገሪያ ማገናኛ በቧንቧ ሊያቀብለው አይችልም። ማገናኛው ቀላል ብረት ነው፤ ከስምምነቱ አስቀድሞ የየመኪናው ማገናኛ በዓይነትና በስፋት ተመዝግቦ መሸጋገሪያው ቢዘጋጅ ትልቅ ችግር ይቃለላል።

ሁለተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 1,000 ሊትር ከረጨ በአምስት ደቂቃ ባዶ ነው። ስለዚህ የመንገድ ተቋራጮችና የፋብሪካዎች የውኃ ቦቴዎች የስምምነቱ አካል ይሁኑ፤ በእንሳሮ በኩል በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካና የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪዎች በዚህ ሊያግዙ ይችላሉ። የጣርማ በርን የመኪና መንገድ ዋሻ ነገርም አስቡበት፤ በውስጡ የጭነት መኪና ቢቃጠል ጭሱ ወደ አንዱ አፍ ስለሚነዳ፣ በዚያ በኩል የመጣው ቡድን መግባት አይችልም። ከደብረ ብርሃንና ከደብረ ሲና በሁለቱም በኩል መንቀሳቀስ ግድ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ማን እንደሆነም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በእኛ አስተያየት አደጋው የደረሰበት ቦታ ኃላፊ ቢያዝ ይሻላል፤ አካባቢውንና ውኃ ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ረቂቁን እስከ ግንቦት ለወረዳችን ምክር ቤት አባላት ለማድረስ አስባለሁ። የፋይናንሱ ወንድማችን፣ መዋጮው በማን ስም በሚከፈት ሒሳብ ይቀመጥ? የእሳት አደጋው ወንድማችንም የማገናኛዎቹን መመዝገቢያ ቅጽ ቢያዘጋጁልኝ ከረቂቁ ጋር አባሪ አድርጌ አቀርበዋለሁ።