ማሽናችን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጆሮ ያደነቁራል፤ ግድግዳው ላይ ምን ዓይነት ስፖንጅ ይለጠፍ?

የመስመር 2 ተቆጣጣሪ
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። የካርቶን ማሸጊያ ማሽናችን ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ያወጣል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ፒስተኑ በሄደ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ "ጽሽሽ" ይላል፣ ከዚያ "ጓ!" ያደርጋል። አጠገብ ለአጠገብ ቆመን መደማመጥ አቅቶናል። አንዷ ሠራተኛ ጆሮዬ ይጮህብኛል ብላ ወጥታለች። ነገ ጠዋት የሥራ ደኅንነት ቁጥጥር አለብን። ማሽኑን ማቆም አንችልም፣ ትእዛዝ አለ። ግድግዳውን በስፖንጅ ልናለብሰው አስበናል። 5 ሳንቲ ውፍረት ይበቃል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ኩሽኔት
ከሥሩ ጎማ አለው? ከሌለው ጎማ አድርጉበት። የእኛ ፕሬስ በጎማ ነው ጸጥ ያለው።

ደረጀ-ያልሆነ
5 ሳንቲውን ጆሯችሁ ውስጥ ብትከቱት ይቀላል 😄 አይዞሽ እህቴ፣ ቀልድ ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፉ የሚል ሰው ከመጣ ግን በቁም ነገር አትስሚው። እሱ ድምፅ አያግድም።

መምህር ዘ ቴክኒክ
በቅድሚያ ስለ ድምፅ እንግባባ። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ዝም ብሎ አይደመርም። 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ማሽን አጠገብ ሌላ 90 የሚያወጣ ብታቆሙ ድምሩ 93 ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ "ትንሽ ጨመረ" የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ይለካ። የስልክ መተግበሪያ ለግምት ይሆናል፣ ለቁጥጥር ግን በትክክለኛ መሣሪያ መለካት አለበት። ከዚያ ምንጩ ይታከማል። ቀጥሎ ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ፣ በመጨረሻ የሰው ጆሮ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ።

የመስመር 2 ተቆጣጣሪ
መምህር እናመሰግናለን። እኔ ግን የምፈልገው የስፖንጁን ውፍረት ነው። ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው።

የማታ መካኒክ
እህቴ፣ ስፖንጁን ለምን ያዝሽው? ግድግዳው ትናንትም ያው ግድግዳ ነበር። የተለወጠው ማሽኑ ነው። ደግሞ ስፖንጅ የሚይዘው ግድግዳ ነክቶ የሚመለሰውን ድምፅ ነው። ማሽኑ ሥር የቆመችው ልጅ የምትሰማው ከማሽኑ በቀጥታ የሚመጣውን ነው። ለእሷ ምንም አይለወጥም።

ሰፊው አዳራሽ
ስፖንጅ አይሠራም ማለት ግን ትክክል አይደለም። እኛ ጋ ጣሪያው ላይ ድምፅ መምጠጫ ተሰቅሎ ልዩነቱ በደንብ ተሰምቷል።

የማታ መካኒክ
የት ቆማችሁ ነው የተሰማችሁ?

ሰፊው አዳራሽ
ከማሽኖቹ ራቅ ብለን፣ ማሸጊያው ጋ።

የማታ መካኒክ
እኔም ያልኩት እሱን ነው። ራቅ ላለ ሰው ይቀንሳል። ለኦፕሬተሩ አይደለም። ሌላው ነገር፣ ተራ የፍራሽ ስፖንጅ እሳት ከነካው በፍጥነት ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ካርቶን የሞላበት ቤት ውስጥ እሱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በጣም አደገኛ ነው። ለነገው ተቆጣጣሪም ሌላ ጥፋት ጨመራችሁለት ማለት ነው።

ኩሽኔት
ጎማውን ሞክሩት ብያለሁ። ርካሽና ቀላል ነው።

ቺንጋ እና ዳዶ
ኩሽኔት ወንድሜ፣ ጎማ የሚረዳው ንዝረት ወደ ወለሉ ሲሄድ ነው። እሱም በማሽኑ ክብደትና ፍጥነት ተመርጦ ነው። ያለ ስሌት የገባ ጎማ ንዝረቱን ሊያባብሰው ይችላል። እሷ የምትለው "ጽሽሽ" ነው። ይሄ የአየር ድምፅ ነው።

ነፋስ ጠባቂ
ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ለጊዜው ተዪውና አንድ ነገር እይልኝ። ለሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍሉት ቫልቮች አየር የሚያስወጡበት ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው ላይ ትንሽ፣ የጣት ጫፍ የምታክል የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ማርሚታ መታሰር አለባት። ሳይለንሰር ይሏታል። አለች?

የመስመር 2 ተቆጣጣሪ
አየሁት። ሦስቱ ላይ ባዶ ቀዳዳ ነው። ኦፕሬተሩን ጠየቅኩት። ፒስተኑ እየዘገየ ካርቶን ይነክስ ስለነበር የሌሊት ፈረቃው ፈቷቸዋል። ከተፈቱ በኋላ ፍጥነቱ ጥሩ ሆኗል ይላል። እና ይሄ ከድምፁ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ትንንሽ እኮ ናቸው።

ነፋስ ጠባቂ
ሁሉንም ነገር ያገናኘዋል። 6 ባር አካባቢ ግፊት ያለው አየር ድንገት ሲለቀቅ ቀዳዳው ላይ የድምፅን ፍጥነት ይደርሳል። ውጭ ካለው የቆመ አየር ጋር ሲላተም ያን ጩኸት ይፈጥራል። ሳይለንሰሯ አየሩን በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ በትና ፍጥነቱን ትሰብረዋለች። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳየው ስሌት የሚወረወር አየር ጩኸት ከፍጥነቱ ጋር በ8ኛ ርቢ ያድጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ከወረደ ድምፁ ወደ 24 ዴሲቤል ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽነቷን አትዪ።

"ጓ" የሚለውም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ሳይለንሰሯ ስትወጣ አየሩ ያለ ምንም ተቃውሞ ይወጣል። ፒስተኑ ከበፊቱ ፈጥኖ ሄዶ ጫፉን ይመታል። ጥሩ ፍጥነት ያላችሁት እሱ ነው። በዚሁ ከቀጠለ የሲሊንደሩን ጫፍና ጎሚኒውን ይበላል።

አሁን የምታደርጉት፦ አየሩን ዝጉ፣ ውስጥ የቀረውን ግፊት አስወጡ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር ካለ ጭነቱ እንዳይወድቅ ደግፉት። አዲስ ሳይለንሰር ካለ በልኩ እሰሩ፤ ጥርሱ ከቀዳዳው ጋር መግጠም አለበት። ከሌለ የተፈቱትን ፈልጉ። የነሐሶቹን ቅባት ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ በአየር ንፉ። መነጽር አድርጉ። የፕላስቲኮቹን በሳሙና ውኃ ብቻ። በደንብ ሳይደርቁ አይመለሱ። በመጨረሻ የሲሊንደሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቫልቭ እያጠበባችሁ "ጓ" የሚለው እስኪጠፋ አስተካክሉ።

ደረጀ-ያልሆነ
ወይ ጉድ፣ አገር ምድሩ ስለ ስፖንጅ ሲጨቃጨቅ መፍትሔው የሌሊት ፈረቃ ኪስ ውስጥ ነበር 😄

ያገር ልጅ 4
ሳይለንሰር እስኪገኝ ቀዳዳውን በቡሎን ብትደፍኑትስ? ዝም ይላል።

ነፋስ ጠባቂ
እንዳታደርጉት! አየሩ መውጫ ካጣ ፒስተኑ ይቆማል ወይም ካሰቡት ውጭ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ጋ እጅ አለ። ጨርቅ መወተፍም አይሆንም። ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ክሩም ቫልቩ ውስጥ ይገባል። ለዛሬ ሌሊት ብቻ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ቱቦ አውጥታችሁ ሰው ወደሌለበት ውጭ ውሰዱት። ቱቦው አይታጠፍ፣ ከቀዳዳው አይጥበብ። ጫፉም በደንብ ይታሰር።

የማታ መካኒክ
አንድ ነገር ልጨምር። ፒስተኑ የዘገየው ሳይለንሰሮቹ ተደፍነው ነው። ለምን ተደፈኑ? ያ ካልታወቀ አዲሶቹም ይደፈናሉ፣ የሌሊት ፈረቃውም እንደገና ይፈታቸዋል። ከኮምፕረሰሩ ዘይት ያልፋል ማለት ነው፣ ወይም አየሩ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥበው ዕቃ በዝቶ ተከፍቷል። የማጣሪያውን ሳህን እዩት። ውኃና ዘይት ሞልቶ ከሆነ አፍስሱ፣ ማጣሪያውንም ለውጡ። ሳይለንሰሩ ለሲሊንደሩ ካነሰም ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ውሰዱ። ሲሊንደሩ ሥራ የሚሠራው ሲገፋ ብቻ ከሆነ ለመመለሻው በሬጉሌተር (በግፊት መቀነሻ) 3 ባር ስጡት። አየርም ይቆጥባል፣ ድምፁም ይወርዳል።

መምህር ዘ ቴክኒክ
ስለ ሠራተኛዋ ማንም አላነሳም። ጆሮዋ ከጮኸ ከድምፁ ትራቅ፤ ዛሬ ወደዚያ መስመር አትመለስ። ጩኸቱ ካልተዋት ሐኪም ይያት፣ የመስማት ምርመራም ታድርግ። የቀሩትም እስኪስተካከል ድረስ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ። የስፖንጁ ዓይነት በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል። በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪያብጥ በጣት መያዝ። ደጋግሞ ማውለቅ አይቻልም። ከፈረቃው ግማሹን ያወለቀ ሰው ምርጥ መድፈኛ ቢኖረው እንኳ በጠቅላላው የሚያተርፈው ከ3 ዴሲቤል አይበልጥም።

የመስመር 2 ተቆጣጣሪ
ልጅቷን ወደ ቢሮ አስገብቻታለሁ። ሁለቱን ሳይለንሰር መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አገኘናቸው፣ በጥቁር ዘይት ተሸፍነዋል። ሦስተኛው የለም። ልናጥባቸው ነው። ተመልሼ እጽፋለሁ።

ሰፊው አዳራሽ
እህታችን ሠራ? ቁጥጥሩስ እንዴት አለፈ?

ኩሽኔት
ጎማውን ሳይሞክሩት አልቀሩም።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኛ ችግር የአቧራ መምጠጫ ፋን ነው። ከወር ወር እየባሰበት መጥቶ አሁን ቤቱን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ላሜራ ቤት ልንሠራለት ነው። ስንት ሚሊ ላሜራ ይሻላል?

ቺንጋ እና ዳዶ
ቀስ በቀስ ከመጣ ላሜራውን ቆይ። ኤሌክትሪኩን አጥፍተህ ቁልፍ አድርግበትና ክንፎቹን ክፈትና እይ። አቧራ በአንድ በኩል ከተጋገረ ሚዛኑን ያጣል። አጽዳው። ኩሽኔቱን ደግሞ በካቻቪቴ አዳምጥ፤ ጫፉን የኩሽኔቱ ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር። ከሚሽከረከረው ነገር ራቅ ብለህ። ካጸዳኸው በኋላ የአየሩ መጠን የሚተርፍህ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሰው። በ20 በመቶ ብትቀንሰው ወደ 5 ዴሲቤል ይወርዳል። ቤት የምትሠራለት ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልበቃ ነው። ያኔም ከውስጥ ሮክ ውል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ድምፅ መምጠጫ) ይልበስ፣ ክፍተቱ ሁሉ ይደፈን። ከስፋቱ 1 በመቶ ብቻ ክፍት ከቀረ ላሜራው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ አይቀንስልህም። ለሞተሩ አየር መግቢያና መውጫም በውስጡ ሮክ ውል የለበሰ ቱቦ አበጅለት።

አዲስ ገቢ
ክንፉ ላይ እውነትም አለ። ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ንጹሕ። ስናጸዳው በውኃ ይሆናል?

ቺንጋ እና ዳዶ
መጀመሪያ በደረቁ ፋቀው። ውኃ ከተጠቀምክ ኩሽኔቱና ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ። ሁሉንም ክንፍ እኩል አጽዳ፣ አንዱን ብቻ አጽድተህ አታስነሳው።